«ደንበኛ ይሸሻል» ያለው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሲጋራ ናቸው። ተነጋግረው የጻፉ አይመስለኝም። አንዷ አስተናጋጅ ናት፤ አንዱ ተማሪ ነው፤ ሦስተኛው ባለሱቅ አባት ናቸው። ሌላውን ደብዳቤ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ሦስቱን አንድ ላይ ላስተናግድ ወሰንኩ። 22 ዓመት በሬዲዮ ስለ ጤና ሳወራ ኖሬያለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ያኔ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት ነገር አለ።

*

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐይቅ ዳር አንድ ላውንጅ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ራሴ አጭሼ አላውቅም። ማታ ቤት ስገባ ግን ፀጉሬም ልብሴም ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳቅፋት ፊቷን ታዞራለች። አሁን አሁን እኔንም ጠዋት ጠዋት ያስለኛል። አለቃዬን ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ‹ከከለከልን ደንበኛ ይሸሻል፤ አንቺም ደሞዝ አታገኚም። በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል› አለኝ። ጭሱን የሚስብ ቬንትሌተር ግን አስገባለሁ ብሏል። እውነት ጥናት አለ? ቬንትሌተሩስ ይበቃል?»
አስተናጋጅ ነኝ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ሕጉን በትክክል ነው ያወቅሽው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ሕዝብ በሚገለገልበትና ሰው በሚሠራበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ላውንጅ፣ ግሮሰሪ፣ ጭፈራ ቤት ብሎ አይለይም። ለደንበኛው መዝናኛ ነው፤ ለአንቺ ግን የሥራ ቦታሽ ነው። «በረንዳ ላይስ?» የሚል ካለ፣ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። የእናንተን ቤት አላውቀውም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ግን አንድ እሑድ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ ወደ አሞራ ገደል በእግሬ ስሄድ አራት ቤቶች በር ላይ ቆሜ በርምጃ ለካሁ። 10 ሜትር በእኔ እግር 13 እርምጃ ነው። መተርኮሻ ከተቀመጠባቸው ጠረጴዛዎች አንዱም 13 አልሞላም። ሁለቱ ሦስት እርምጃ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ «ጥናቱ» ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ባወራሽ ደስ ይለኛል። አለቃሽ የነገረሽ ነገር ሐዋሳ የደረሰው ብዙ አገር አቋርጦ ነው።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤቨርሊ ሂልስ የምትባል የሀብታም ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህች ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለች። ወዲያው የቤቨርሊ ሂልስ ምግብ ቤቶች ማኅበር የሚባል ብቅ አለ። «ገበያችን በ30 በመቶ ወደቀ» ብሎ ጮኸ። ጋዜጦች ቁጥሩን ተቀባበሉት። ከተማዋ ተጨነቀች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጉን አላላችው። በኋላ የሽያጭ ታክስ መዝገቡ ሲታይ ገበያው አልወደቀም ነበር። ግን ማን መዝገብ ያያል? ቁጥሩ ቀድሞ ሄዷል። ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ሕግ ላውጣ ባለ ቁጥር «ቤቨርሊ ሂልስ የደረሰባትን አላያችሁም?» ይባል ጀመር።

ሰባት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ተመሳሳይ ሕግ ሲመክር አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የጻፈው ባሪ ፎገል ይባላል፤ የዚያ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ባለ ምግብ ቤት ነው። እውነቱን አወጣው። ሕጉ ከመምጣቱ በፊት ማኅበር የሚባል ነገር አልነበረም። ያደራጃቸው የትምባሆው ኢንዱስትሪ ነው። ከተማዋን ሲከሱ የጠበቃውን ወጪ ያገዛቸው እሱ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሄደው «ገበያ ይገድላል» ብለው እንዲመሰክሩ በግል አውሮፕላን የወሰዳቸውም እሱ ነው። ፎገል በመተባበሩ እንደተጸጸተ ጽፏል።

ለምን በምግብ ቤት ባለቤቶች አፍ መናገር እንደፈለጉ ታያለሽ? የሲጋራ ፋብሪካ «ሕጉ ይጎዳኛል» ቢል ማን ያዝንለታል? ማለዳ ተነስቶ ሽንኩርት የሚከትፍ ባለ ምግብ ቤት ሲናገር ግን ከንቲባውም ጋዜጠኛውም ጆሮ ይሰጣል። እኔም ብሆን እሰጥ ነበር።

ስለዚህ አለቃሽን ዋሽቷል ብዬ አልፈርድበትም። የሰማውን ነው ያለሽ። የሚፈራውም እውነተኛ ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ አለበት፣ የእናንተ ደሞዝ አለበት። ግን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቿን ሁሉ ከጭስ ነጻ አደረገች። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። የአየርላንድ ሰው መጠጥ ቤቱን ምን ያህል እንደሚወድ ዓለም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ተከትሏታል። በተለያየ አገር የታክስ መዝገብ ይዘው የመረመሩ ገለልተኛ ጥናቶች በጥቅሉ ያገኙት አንድ ነው፤ ገበያ አይወድቅም። ይወድቃል የሚሉትን ጥናቶች ገልበጥ አድርገሽ ገንዘቡን ማን ሰጠ ብትዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ በር ይመልሱሻል።

ቬንትሌተሩ አይበቃም። ሽታውን ይቀንሳል። መርዙን አያወጣም። የአሜሪካ የጤና ጥበቃ የበላይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሪፖርት ከሌላ ሰው ሲጋራ ጭስ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደሌለ፣ አየር ማናፈሻም ጭሱን እንደማያስወግደው በግልጽ አስቀምጧል። አለቃሽ ቬንትሌተር ያለው ከቅንነት ሊሆን ይችላል። ሐሳቡን ለዓለም ሆቴሎች በሰፊው ያስተዋወቁት ግን የሲጋራ ኩባንያዎቹ ናቸው። ክልከላው ከሚመጣ አየር ማናፈሻ ይግባ፣ አጫሹም የማያጨሰውም ተቻችሎ ይኑር ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ታሪኩ ከአንቺ ጋር ይመሳሰላል። ታኬሺ ሂራያማ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን 14 ዓመት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አሳተመ። ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። እነሱ አንድም ቀን አላጨሱም። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት ተቋም ጥናቱ ስህተት አለበት የሚል ማስታወቂያ በየጋዜጣው ከፍሎ አወጣ። በዚያው ወቅት ግን የራሳቸው አማካሪዎች «ሂራያማ ጥሩ ሳይንቲስት ነው፤ ሥራውም ትክክል ነው» ብለው እንደነበር በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተከፈቱት የኩባንያ ሰነዶች ተገኘ። በውስጥ ልክ ነው እያሉ፣ በጋዜጣ ስህተት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እነዚያ ሴቶች ናቸው የሚታዩኝ። አሁን ደግሞ አንቺ።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም፤ ልጅ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ብቻሽን ግን አትጋፈጪው። ከሌሎቹ አስተናጋጆችና ከባሬስታው ጋር ተነጋገሩና አብራችሁ አናግሩት። ካልሰማ ሕጉን የሚያስከብር አካል ከተማችንም ውስጥ፣ በክልሉም፣ በፌዴራልም አለ፤ በፌዴራል የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስምሽን ሳትናገሪ መጠቆም ትችያለሽ። ቤት ስትገቢ ልጅሽን ከማቀፍሽ በፊት ልብስሽን ቀይሪ። ሳሉ ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው በጭስ ነው ብለሽ አትተይው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ አክታሽን ተመርመሪ። የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በነጻ ይታከማል፣ ይድናልም።

*

«ጋሼ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የእኛ ሚዲያ ስለ ሲጋራ ለምን ትንሽ ብቻ እንደሚዘግብ ላጠና አስቤ ነበር። አንድ መምህሬ ‹የሲጋራ ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ታዲያ ኩባንያው ሚዲያውን በምን ይይዘዋል? ርዕስ የለህም› አሉኝ። እርስዎ ሬዲዮ ውስጥ ስለሠሩ ምን ይላሉ? ርዕስ አለኝ ወይስ የለኝም?»
ተማሪ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ

አለህ። መምህርህ ስለ ማስታወቂያው ያሉት ልክ ነው። ያው አዋጅ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ማስተዋወቅንና ስፖንሰርነትን ይከለክላል። ግን ሚዲያን የሚይዘው የሲጋራ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የእኔን ልንገርህና አንተ ፍረድ።

አዋጁ እንደወጣ ሰሞን ነው። በምሠራበት ጣቢያ የጤና ሰዓት ነበረኝ፣ ሐሙስ ማታ። በመዝናኛ ቤቶች ስላለው ጭስ አንድ ዝግጅት ሠራሁ። ሦስት አስተናጋጆች አናገርኩ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ድምፃቸውን ቀይሬ፣ አሳጥሬ፣ አስተካክዬ ጨረስኩ። 18 ደቂቃ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት አለቃዬ ጠራኝ። የጤና ሰዓቱን ስፖንሰር የሚያደርገው ሰው ሁለት መዝናኛ ቤት አለው፤ ሁለቱም ውስጥ ይጨሳል። ማንም አልደወለም፤ ማንም አላስፈራራም። አለቃዬ ራሱ አስቦ ነው። «የበላንበትን ወጪት አንስበር። ለሌላ ጊዜ እናቆየው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። በምትኩ ስለ ውኃ አጠጣጥ አወራሁ። ሌላው ጊዜ አልመጣም። ካሴት ቢሆን ኖሮ አቧራ ይለብስ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ተሰርዞ ጠፋ። ያቺ ነፍሰ ጡር ሴት በሁለተኛው ሳምንት ደውላ «መቼ ነው የሚተላለፈው?» አለችኝ። የመለስኩላትን አሁን ድረስ አልረሳውም። «በቅርቡ» አልኳት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የሲጋራ ኩባንያ የለም። መምህርህ ልክ ናቸው። ግን ጭሱ አየር ላይ ሳይነገር ቀረ። የእኛ ጣቢያ ከማስታወቂያ ነው የሚኖረው። ያው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቶት ነበር። የስፖርት ፕሮግራሞቻችን የቆሙት በቢራ ብር ነበር፤ በአንድ ጊዜ ኪሳችን ሳሳ። የቀሩንን ጥቂት ስፖንሰሮች እንደ እንቁላል ነበር የምንይዛቸው። አየህ፣ ሰውየው ዝም በሉ ሳይል ዝም አልን። ጥናትህን እዚህ ጀምር። ለአዘጋጆች «ማን ከለከላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ። «ማንም» ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው። «ሠርታችሁ ያላስተላለፋችሁት ምን አለ?» በላቸው።

የውጭ ንጽጽር ከፈለግህ ኬኔት ዋርነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙትን ፈልግ። 99 የአሜሪካ መጽሔቶችን መረመሩ። የሲጋራ ማስታወቂያ የሚቀበሉት ስለ ማጨስ ጉዳት የመጻፋቸው ዕድል ከማይቀበሉት ያነሰ ነበር። በሴቶች መጽሔቶች ላይ ደግሞ ባሰ። እነዚያ መጽሔቶች ስለ ውፍረት፣ ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ ልጅ አመጋገብ በየወሩ ይጽፋሉ። ስለ ሲጋራ ሲሆን ቀለማቸው ይደርቃል። በ1971 እ.ኤ.አ. የሲጋራ ማስታወቂያ ከአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሲታገድ ከገንዘቡ ብዙው ወደ ጋዜጣና መጽሔት ዞሮ ነበርና ነገሩ አይገርምም።

ሁለተኛው መያዣ ግን ከገንዘቡም የረቀቀ ነው። ስለ ጋዜጠኝነት የምትማረውን ጥሩውን ነገር ይጠቀምበታል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1953 የትላልቅ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ። ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የሚሉ ጥናቶች መውጣት ጀምረው፣ ሰው ደንግጦ ነበር። ሂል ኤንድ ኖልተን የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀጠሩ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጥር 4 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.፣ ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ «ለሲጋራ አጫሾች ግልጽ መግለጫ» የሚል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣ። ሲጋራ አይጎዳም አላሉም፤ ብልጠታቸው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ገና አልተረጋገጠም፣ የሕዝብ ጤና ከሁሉ በፊት ያሳስበናል፣ የምርምር ኮሚቴ አቋቁመናል አሉ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ ስለ ካንሰር በጻፈ ቁጥር ከወዲያ ወገን አንድ ዶክተር ይቀርብለታል። «ሁለቱንም ወገን ስማ» ተብሎ የተማረ ጋዜጠኛ ምን ያድርግ? ይሰማል። ግማሽ ግማሽ አድርጎ ይጽፋል። አንባቢው ደግሞ «እነሱም አልተስማሙም» ብሎ ሌላ ሲጋራ ይለኩሳል። ከእነዚህ ኩባንያዎች በአንዱ በብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጻፈ አንድ ማስታወሻ «ምርታችን ጥርጣሬ ነው» ይላል። ሲጋራ አላለም። ጥርጣሬ።

አንተ ሐዋሳ ነህና ስለ አፊኒ ሳትሰማ አትቀርም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ? ሁሉም ወገን ይሰማል፤ ድሃውም ሀብታሙም። ግን ለምን እንደሚሰማ ልብ በል። ሐላሌን፣ እውነቱን ለማግኘት ነው። አንደኛው ወገን ሲዋሽ ከተያዘ ሽማግሌ «እንግዲህ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ብላችኋል» ብሎ አይነሳም። እኛ ጋዜጠኞች ግማሹን መንገድ ሄደን ቆምን። ሰማን፤ እውነቱን ሳናወጣ ማይክራፎኑን አጠፋን።

ዛቻም አለ፣ እንዳትረሳው። ጄፍሪ ዋይጋንድ የዚያው የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የምርምር ኃላፊ ነበር። ለአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የሚያውቀውን ተናገረ። የጣቢያው ጠበቆች ክስ ፈርተው ቃለ ምልልሱ በኅዳር 1995 እ.ኤ.አ. ሳይተላለፍ ቀረ። የተላለፈው በየካቲት 1996 ነው፤ ያውም ሌላ ጋዜጣ ምስክርነቱን ቀድሞ ካወጣው በኋላ። ያን የሚያህል ጣቢያ ከፈራ እኛ ትንንሾቹ ብንፈራ አይፈረድብንም ትል ይሆናል። እኔ ግን በራሴ ላይ ፈርጃለሁ። እኔን ማንም ክስ አላስፈራራኝም ነበር።

የአገራችንን ነገር ስታጠና ስለ ፖሊሲውም ምዕራፍ ክፈት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት ተኩል ሌላ ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ያን ቀን ዜናውን ካነበቡት አንዱ እኔ ነኝ። ያነበብኩት ስለ ዶላሩ ነው። የውጭ ምንዛሪ፣ ኢንቨስትመንት፣ ጨረታ። «ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ድርጅት ገንዘቡን ከማን ሳንባ ሊመልስ ነው?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም። የዚያን ጊዜ ጥናት ከአገራችን አዋቂ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እኛ ደስ ይለናል፤ ነጋዴ ግን 5 በመቶ ሲያይ ገና ያልተነካ 95 በመቶ ይታየዋል።

የጃፓን መንግሥት ራሱ ከኩባንያው አክሲዮን ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሕግ ይዟል። ጃፓን የምግብ ቤት ጭስን በሕግ ለመከልከል እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ቆየች፤ ያኔም ብዙ ትንንሽ ቤቶችን ከክልከላው አስቀረች። ሂራያማ ያንን ጥናት ያደረገው በዚያው አገር ነው፣ 37 ዓመት ቀድሞ። መንግሥት ሻጭም ሐኪምም ሲሆን እንዲህ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ኮንቬንሽን አንቀጽ 5.3 የተጻፈው ለዚህ ነው፤ የጤና ፖሊሲን ከትምባሆ ነጋዴ ጥቅም ጠብቁ ይላል። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ፓርላማችንም ድርጅቱ ከተሸጠ በኋላ፣ በ2011፣ ያንን ጠንካራ አዋጅ አወጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጽሑፍህ ውስጥ በደንብ አክብረው። ሕጉ አለን። የጎደለን ሐሙስ ማታ የሚናገርለት ሰው ነው።

ጽሑፍህን ስትጨርስ አንድ ኮፒ ላክልኝ። ባልተላለፈው ዝግጅት ጉዳይ ደግሞ ስሜን ጠቅሰህ ልትጽፈው ትችላለህ፤ ፈቅጃለሁ።

*

«ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። ታቦር ክፍለ ከተማ ትንሽ ሱቅ አለኝ። የሰፈሩ ሰው ልጅ እየላከ ሲጋራ ያስገዛል። ስምንት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ‹ለአባዬ ሁለት ፍሬ› ይሉኛል። ብከለክል አባትየው ይቆጣል፣ ዱቤውንም ትቶ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ደግሞ ሰዎች ታክሱ የተጨመረው ድሃውን ለመጉዳት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»
ባለሱቅ፣ ታቦር

አባቴ፣ ከታክሱ ልነሳ፤ እሱ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ተጣለ። «ድሃውን ይጎዳል» የሚለው በየአገሩ ታክስ በተጨመረ ቁጥር የሚሰማ አባባል ነው፤ ኩባንያዎቹም በጣም ይወዱታል። ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር እንደ እኛ ባሉ አገሮች አጠቃቀሙ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀድሞ የሚተወው ደግሞ ገንዘብ ያነሰው ሰውና ወጣቱ ነው። ድሃውን የሚጎዳው ሲጋራው ነው፤ በኪሱም በሳንባውም።

ስለ ልጆቹ ሕጉ ጥርት ያለ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። «ለአባዬ ነው» ማለት አያድንዎትም። ግን የጻፉልኝ ሕጉን ስላላወቁ አይመስለኝም። ስለከበደዎት ነው።

እኔ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። የአባቴ ሱቅ መናኸሪያው ጀርባ ነበረች። ኒያላ ፓኮው ከከረሜላው ብልቃጥ አጠገብ ይቀመጣል፤ ልጅ ከረሜላ ሲገዛ ዓይኑ ሁለቱን አንድ ላይ ያያል። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ፍሬ ሲጋራ መሸጥ የጀመርኩት ቁጥር ስችል ነው። አባቴም ከዚያው ከመደርደሪያው እያነሳ ያጨስ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ደረጃ መውጣት አቅቶት ሱቋ በር ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያስል እኔ ሂሳብ እመልሳለሁ። ማንም አልነገረንም። ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር፤ ሬዲዮውም አልነገረንም።

ማስታወቂያ ከየቦታው ከተከለከለ በኋላ ሲጋራ የሚታይበት ዋናው ቦታ የእናንተ መደርደሪያ ሆኗል። ስለዚህ ከከረሜላውና ከብስኩቱ ያርቁት። ልጅ ዓይን የማያየው ቦታ፣ ከባንኮኒው በታች ያድርጉት። ፍሬ ፍሬውን ሲሸጡት ሌላም ነገር አለ። ፓኬቱ ላይ ከፊትም ከኋላም 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ አለ። ፍሬ ሲሄድ ያ ሥዕል ከፓኬቱ ጋር እርስዎ ሱቅ ይቀራል፤ አጫሹ አያየውም፣ የተላከው ልጅም አያየውም።

አባቶቹን በተመለከተ ልጁ ፊት አይከራከሩ። ማታ ሲመጡ ወይም ዕድር ላይ ሲገናኙ ለብቻቸው «ወንድሜ፣ ልጅህን አትላክብኝ፤ እኔ ነኝ የምቀጣው፤ አንተ ራስህ ና» ይበሏቸው። የጎረቤት ባለሱቆችንም ያነጋግሩ። በሰፈሩ ያላችሁ ሦስት አራት ሱቆች ከተስማማችሁ አባትየው ዱቤውን ይዞ የሚሄድበት የለውም።

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ «ለልጅ ሲጋራ አንሸጥም» ብላችሁ ጽፋችሁ በየሱቃችሁ ለጥፉ። በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ይሁን፤ ልጆቹ ማንበብ በሚችሉበት ከፍታ ላይ።